ሦስት ጋራዥ፣ ሦስት ዋጋ፦ የአንዲት ብርማ መኪና ቀለም

ቀለም ቤት ሄዶ «ይቺን ጎን በስንት ትቀባልኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። የሚመለሰው ቁጥር ግን ብቻውን ብዙም አይናገርም። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ይበልጡን ደግሞ ምን እንደሌለ ማየት ያስፈልጋል። የሚከተለው ጉዳይ ይህንን በደንብ ስለሚያሳይ ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

መኪናዋ የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ብርማ ሜታሊክ ሴዳን ነች፤ ያገለገለች ሆና ነው የገዛቻት። ከማቆሚያ ቦታ ስትወጣ የኮንክሪት ምሰሶ ቀኝ ጎኗን ከፊት በር ጀምሮ እስከ ኋላ ፋቃት። የኋላው በር ላይ ጥልቅ ጭረት አለ፤ መሃሉም መዳፍ በሚያህል ስፋት ገባ ብሏል። ጎማውን የሚያቅፈው የኋላ ጎን ጠርዙ ታጥፏል። የኋላ ባምፐር ጥጉ ተፍቋል። ፊት በሩ ላይ ደግሞ ረጅም ነጭ መስመር ይታያል። የተጋጩ መኪኖችን ጉዳት በመገመት ሥራ ላይ ስለቆየሁ አብሬያት እንድዞር ጠየቀችኝ።

ከዋጋው በፊት

መጀመሪያ መኪናዋን አጠብናት። አቧራ ትንሹን ጉዳት ትልቅ ያስመስላል፣ ትልቁን ደግሞ ይደብቃል። ፊት በሩ ላይ ያለው ነጭ መስመር በጥፍር ሲነካ አይዝም። የምሰሶው ቀለም ላዩ ላይ ተለጥፎ ነው እንጂ የመኪናዋ ቀለም አልተቆረጠም ማለት ነው። በፖሊሽ ሲታሽ ለቀቀ። ፊት በሩ በዚሁ ከጉዳት ዝርዝር ወጣ። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

የኋላው በር ግን ሌላ ነው። ጥፍር ይይዛል፤ መሃል ላይ ላሜራው ራሱ ይታያል። በፖሊሽ የሚሆን ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ሽፋኖቹ ጥቂት ልበል። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽፋን አለው። ከታች ዝገት የሚከላከል ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት፣ አለ፤ የመኪናው ቦዲ ሙሉ በሙሉ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል ነው የሚለጠፍበት። ከሱ በላይ ወለሉን፣ ማለትም የቦዲውን ገጽ፣ የሚያስተካክል ሌላ ፕራይመር ይመጣል። ቀጥሎ ቀለሙ። መጨረሻ ላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው አብረቅራቂ መከላከያ። ሁሉም ተደምረው ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ናቸው። 1 ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን መሆኑን አስቡት። ከዚህ ውስጥ ቀለሙ ራሱ 15 ወይም 20 ማይክሮን ገደማ ቢሆን ነው። ክሊሩ ከ35 እስከ 50 ይደርሳል።

ይህን ያነሳሁት የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዘን ስለነበር ነው። ያልተነካውን ግራ ጎን ስንለካ ከ105 እስከ 130 ያነባል። ፋብሪካው እንደቀባው አለ። ወደ ቀኝ የኋላ ጎን መጣን። ከጎማው በላይ 480፣ ትንሽ ከፍ ሲል 700፣ አንድ ቦታ ላይ ከ900 በላይ። ይህ የፋብሪካ ቀለም ሊሆን አይችልም። እሷ ከመግዛቷ በፊት ያ ቦታ ተመትቶ በስቱኮ፣ ማለትም ስርጉድ ለመሙላት ተለጥፎ በሚደርቅ ሊጥ መሰል ነገር፣ ተሞልቷል።

ባልደረባዬ ይህንን አታውቅም ነበር። ፊቷ ተለዋወጠ። «ሲሸጡልኝ ያልተነካች ናት ነበር ያሉኝ» አለች። ለአሁኑ ጉዳይ ግን ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ድሮ የተለጠፈ ስቱኮ ላይ አዲስ ስቱኮ መጨመር አይቻልም። ምሰሶው ሲመታው አሮጌው ስቱኮ ከሥሩ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እስከ ላሜራው ተገፎ መውጣት አለበት። ይህ ደግሞ ጉልበት ነው፣ ጉልበት ደግሞ ገንዘብ ነው። ወጪውን የሚከፍለው ኢንሹራንስ ወይም የገጨው ሰው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚህ ጋ ይጀመር ነበር፤ የድሮው ጥገና የአዲሱ ጉዳት አካል አይደለም። እሷ ከኪሷ ስለምትከፍል ከዚህ ተርፋለች።

መለኪያ የሌለው ሰው ቦዲው ብረት ከሆነ ለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይሞክር። ስቱኮ በበዛበት ቦታ አጥብቆ አይዝም። ለአሉሚኒየም ቦዲና ለፕላስቲክ ባምፐር ግን ማግኔት አይሠራም።

ሦስቱ ዋጋዎች

የሁለተኛው ጋራዥ ዋጋ የመጀመሪያውን እጥፍ ትንሽ ያልፋል። የሦስተኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። መኪናዋ አንድ ናት፣ ጉዳቱም አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው አንድ ድምር ብቻ ነው የሰጠን። ዝርዝር ስንጠይቅ የበር እጀታም፣ የመስታወት ጎማም፣ የኋላ መብራትም እንደማይፈታ ገባን። ሁሉም በፕላስተርና በወረቀት ይሸፈናል። ይህ ብዙ ሰዓት ይቆጥባል። ችግሩ ፕላስተሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ቀለሙ እዚያ ጋ እንደ ደረጃ ያለ ጠርዝ ይሠራል፤ ከእጀታው ሥርና ከመስታወቱ ጎማ ሥር ያለው አሮጌ ወለል ደግሞ በደንብ አይጸዳም፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይታሽም። አዲሱ ክሊር መላጥ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው።

ከዚያ ባልደረባዬ የጠየቀችው ጥያቄ ነገሩን ሁሉ አወጣው።

«ወንድሜ፣ የኋላው ጎን ላይ ክሊሩ የት ጋ ነው የሚያቆመው?»

«እሱን ጣሪያውን የያዘው ምሰሶ ላይ እናጠፋዋለን እህቴ። አይታይም፣ አታስቢ።»

መኪናዋን ስትረከብ በእርግጥም አይታይም። የኋላው ጎን ከጣሪያው ጋር የተበየደ ስለሆነ እንደ በር የራሱ ማለቂያ የለውም። ክሊሩን መሃል መንገድ ላይ እያሳሱ በቲነር ማጥፋት ይቻላል። ግን እየሳሳ ሄዶ ያለቀ ክሊር ከፀሐይ የሚከላከል ውፍረት የለውም። ጊዜ ሲያልፍ ጠርዙ መስመር ያወጣል፣ ከዚያ መነሳት ይጀምራል። ትክክለኛው መንገድ ክሊሩን የቦዲ መገጣጠሚያ ወይም የሚሸፍነው ጌጥ እስካለበት ድረስ መውሰድ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ይህ ማለት ከጣሪያው ጠርዝ ጋር አብሮ እስከ ፊት መስታወት ምሰሶ ድረስ መሄድ ነው። ቁሳቁስም ጊዜም ይበላል። ርካሹ ዋጋ ይህንን አልያዘም።

ሦስተኛው ጋራዥ ንጹሕ ነው፣ መሣሪያውም ሙሉ ነው። ያቀረበው ሐሳብ የኋላውን በር በአዲስ መቀየርና ሙሉ ቀኝ ጎኑን ከነፊት ፓራፋንጎው፣ ማለትም ከፊት ጎማው በላይ ካለው የቦዲ ክፍል ጋር፣ መቀባት ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱን «ሁሉም በአንድ ቀለም ስለሚሆን ልዩነት አይኖርም» አሉን። ፊት በሩም «የተጎዳ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ በፖሊሽ የጠፋችውን መስመር ማለት ነው።

ይህንን ዋጋ ከመጀመሪያው በላይ ነው የተቃወምኩት። ርካሹ ጋራዥ ቢያንስ ያልተነካ ነገር አይነካም። ፓራፋንጎው ደህና የፋብሪካ ቀለም አለው። ያንን አስወግዶ ሌላ ቀለም መቀባት መኪናዋን ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም። የቀለም ልዩነት ችግርም አይፈታም፤ መገናኛውን ወደ ኮፈኑና ወደ ፊት ባምፐሩ ይገፋዋል እንጂ። በር መቀየሩም ቢሆን አያስፈልግም። መዳፍ የሚያህል ስርጉድ ጥሩ ላሜራ ሠሪ የሚመልሰው ነው። አዲስ በር ውስጡም ጠርዙም መቀባት አለበት፤ ከአሮጌው በር መስታወቱ፣ የመስታወቱ ሞተር፣ ሽቦው ሁሉ ተፈትቶ መዛወር አለበት። በር የሚቀየረው ጠርዙ ሲቀደድ ወይም ውስጥ ያለው ማጠናከሪያ ብረት ሲታጠፍ ነው።

ሁለተኛው ጋራዥ ወረቀት አውጥቶ በየመስመሩ ጻፈ። የላሜራ ሥራ ሰዓት፣ መፍታትና መግጠም፣ ዝግጅት፣ ቅብ፣ ቁሳቁስ። ፊት በሩንም አስገብቶታል፣ ግን «ማዋሃጃ» ብሎ። የሦስተኛው ጋራዥ በር «የተጎዳ» ነው፤ የዚህኛው በር አልተጎዳም፣ ግን ለቀለሙ መገናኛ ያስፈልጋል። በአንድ በር ላይ ሁለት ጋራዥ ገንዘብ ሲጠይቅ ምክንያቱን ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

ማዋሃድ ለምን ገንዘብ ይበላል

ብርማ ቀለም ከባድ ነው። ውስጡ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ቅንጣቶች አሉ። ቅንጣቶቹ እንዴት እንደተኙ ነው ብርሃኑን የሚወስነው። ቀቢው እርጥብ አድርጎ ሲረጭ ቀለሙ ጠቆር ይላል፤ ደረቅ አድርጎ ሲረጭ ይነጣል። ያው ጣሳ፣ ያው ቀለም፣ በሁለት ሰው እጅ ሁለት ይሆናል። የአየር ግፊቱ፣ የእጁ ፍጥነት፣ የቲነሩ ዓይነት ሁሉ ይነካካዋል።

የቀለም ቁጥሩ የበሩ ፍሬም ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ካለው ሰሌዳ ይገኛል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ካለ አለቀ ይላል። አላለቀም። አንድ ቁጥር ራሱ የተለያየ ዝርያ አለው፤ ፋብሪካው በተለያየ ጊዜና ቦታ ሲቀባ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ፀሐይ ያየ መኪናም ይለወጣል። ስለዚህ ቀለሙ ትንሽ ካርድ ላይ ተረጭቶ፣ ክሊሩም ተጨምሮበት፣ ከደረቀ በኋላ መኪናው ላይ ተይዞ ይታያል። ፊት ለፊትም በጎንም፣ ፀሐይ ላይም ጥላ ውስጥም። ሁለተኛው ጋራዥ «ካርድ ትሠራላችሁ?» ስንለው መልሱን በቃል አልሰጠንም። ከመሳቢያ ውስጥ የድሮ ካርዶች አውጥቶ አሳየን፤ ጀርባቸው ላይ የቀለም ቁጥሩና ዝርያው ተጽፏል። ከሦስቱ ውስጥ እሱን የመረጥንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ካርዱ ቢመሳሰልም ሜታሊክ በር አጠገብ ለአጠገብ ሲገጥም ትንሹ ልዩነት ይጮኻል። ስለዚህ አዲሱ ቀለም ጎረቤት በር ላይ እየሳሳ ይገባና ይጠፋል፤ ክሊሩ ግን በሩን ሙሉ ይሸፍናል። ዓይን ልዩነቱን የሚይዝበት መስመር ያጣል። የፊት በሩ ወጪ ይህ ነው። ነጠላ ቀለም ያላት ጥቁር ወይም ነጭ መኪና ብትሆን ይህንን ወጪ ብዙ ጊዜ መዝለል ይቻል ነበር። በሦስት ደረጃ የሚቀባ፣ እንደ ዕንቁ የሚያብረቀርቅ ነጭ ብትሆን ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር።

ሥራው

በዋጋው ላይ ሁለት ነገር አስጨምረን ተስማማን። አሮጌው ስቱኮ ሲገፈፍ ፎቶ ይነሳል፤ ከሥሩ የሚወጣው ነገር ተጨማሪ ሥራ ካመጣ ሳይነገራት አይቀጥልም። ሁለተኛው፣ የቀለም ዋስትናው በጽሑፍ ይሰጣል።

ስቱኮው ሲገፈፍ ድሮ ላሜራው ሳይመለስ በስቱኮ ብቻ እንደተሞላ ታየ። ስቱኮ ትንንሽ ወጣ ገባ ለማስተካከል ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ካለፈ ዕድሜው አጭር ነው። ጥግ ላይ ዝገት ጀምሯል። ተደውሎላት መጥታ አየች፣ የተጨመረውን ሰዓት ፈቀደች። ላሜራው ተጎትቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ዝገቱ ጸዳ፣ ባዶው ብረት ላይ ኤፖክሲ ፕራይመር ተረጨ። አዲሱ ስቱኮ በጣም ስስ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ አሰልቺው ነው፣ ዋናውም እሱ ነው። ስቱኮው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀመራል፣ 180፣ ከዚያ 320። ፕራይመር ይረጫል። እሱ ደግሞ በ500 ወይም በ600 ይታሻል። ቁጥር የሚዘል ቀቢ ጊዜ ያተርፋል፤ የዘለለው ጭረት ግን ክሊሩ ሲደርቅና ሲኮማተር ብቅ ይላል። ስቱኮ በውኃ ከታሸም እርጥበት ይጠጣና በኋላ ቀለሙን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ደረቅ ነው መታሸት ያለበት።

ፎርኖ ውስጥ፣ ማለትም በተዘጋ የቀለም መርጫና ማድረቂያ ክፍል፣ መቀባቱም ቅንጦት አይደለም። አየሩ ተጣርቶ ስለሚገባ አቧራ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ክሊሩን ያጠነክራል። ፋብሪካ ገና ሽቦና ፕላስቲክ ያልገባበትን ቦዲ እስከ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያጋግረዋል። የተገጣጠመ መኪና ይህን አይችልም። ስለዚህ ጥገና ላይ ወደ 60 ዲግሪ ሙቀት እና ከክሊሩ ጋር የሚደባለቅ ማጠንከሪያ ነው የሚሠራው። የማጠንከሪያው መጠን በጣሳው ላይ የተጻፈው ነው፤ በግምት የሚቀላቅል ሰው ዘንድ ክሊሩ ወይ ይለሰልሳል ወይ ይሰነጠቃል።

ማጠንከሪያው አይሶሳይናት የሚባል ኬሚካል አለው። ወደ ሳንባ ሲገባ አስም ያመጣል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በጣም ትንሹ መጠንም ይጎዳል። ቀቢው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ጭምብል ማድረግ አለበት። አፉን በሻሽ አስሮ የሚረጭ ልጅ ሳይ ያዝናል ልቤ። የርካሽ ዋጋ አንዱ ክፍል የሚከፈለው በዚያ ልጅ ሳንባ ነው። ጋራዥ ስመርጥ ይህንንም እቆጥራለሁ።

ርክክብ

መኪናዋን በቀን ብርሃን፣ ደረቅ ሆና ነው ያየናት። ማታ ወይም ታጥባ እርጥብ ሳለች የተረከባችሁት መኪና ምንም አያሳያችሁም። ውኃ ጭረት ይሞላል፣ ያብረቀርቃል።

ክሊሩ ውስጥ ጥቂት የአቧራ ቅንጣቶች አሉ። ከበሩ እጀታ በታች ክሊሩ ወርዶ ትንሽ እንባ ሠርቷል። ሁለቱም ክሊሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ በ2000 ቁጥር ታሽተው በፖሊሽ ይጠፋሉ። ይህን ያህሉ በእጅ ሥራ ላይ የሚጠበቅ ነው፤ ጋራዡም ሳይከራከር አስተካከለ። ክሊሩ ላይ የብርቱካን ልጣጭ የሚባለው ሻካራነት አለ፣ ግን ከፋብሪካው ግራ በር ጋር ሲነጻጸር እኩል ነው። ሰው ከፋብሪካው የበለጠ መስታወት ሲጠይቅ ክሊሩ እየተፋቀ ይሳሳል። እኩል ከሆነ ይበቃል።

በሩን ከፍተን ጠርዙን አየን። የፕላስተር መስመር የለም። ጎማውና መስታወቱ ላይ የተረጨ ቀለም የለም። በሩ ሲዘጋ ድምፁ እንደ ግራው ነው፣ ክፍተቱም ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። መለኪያው በሩ ላይ 210 ገደማ፣ የኋላው ጎን ላይ 350 አነበበ። ከ900 ወደ 350 መውረዱ ላሜራው በእውነት መመለሱን ይናገራል።

ባምፐሩ ላይ ግን ተጣላን። ፊት ለፊት ሲታይ ልክ ነው። ጎን ቆማችሁ ስታዩት ጠቆር ይላል። ኃላፊው «ፕላስቲክ ሁልጊዜ ከብረቱ ይለያል፣ ከፋብሪካም እንዲሁ ነው» አለን። ነገሩ እውነት አለው። ባምፐርና ቦዲ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚቀቡት፤ ትንሽ ልዩነት ያለባቸው አዲስ መኪኖች ሞልተዋል። ስለዚህ ክርክሩን በግራው ጥግ ዳኘነው። እዚያም ልዩነት አለ፣ ግን ስስ ነው። የቀኙ በግልጽ ይበልጣል። ኃላፊው ራሱ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን አየና «እሺ፣ ይደገም» አለ። ባምፐሩ ተፈትቶ እንደገና ተቀባ። የማቆሚያ ሴንሰሮቹ ለየብቻ ወጥተው ስስ ተደርገው ተቀብተዋል፤ ቀለም ከወፈረባቸው በትክክል አያነቡም። ባምፐር ጀርባ ራዳር ያለው መኪና ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ራዳሩ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ላይ ስቱኮ እንዳይገባ ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ባልደረባዬ ፎቶ ላከችልኝ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ከጎማው በላይ ስስ የሆነ የክብ መስመር ይታያል። ስቱኮው የሚያልቅበት ጠርዝ ነው። ፕራይመሩ በደንብ ሳይደርቅ ተቀብቶበታል፤ ውስጡ የቀረው ቲነር ቀስ እያለ ሲወጣ ሽፋኑ ተኮማተረ። በርክክቡ ቀን ማንም አያየውም ነበር። የጽሑፍ ዋስትናው መላጥን፣ መሰንጠቅንና «በዝግጅት ጉድለት የሚመጣ የወለል ለውጥን» ይሸፍናል። ይህን ሐረግ ያስገባነው ለዚሁ ነበር። ጋራዡ የኋላውን ጎን ጠፍጣፋ አድርጎ አሽቶ እንደገና ቀባው፤ ክሊሩንም እስከ ጣሪያው መገጣጠሚያ ወሰደው። ገንዘብ አልጠየቃትም።

የአሮጌው ስቱኮ ሥራ ተጨምሮ ጠቅላላ ወጪው ከሁለተኛው ጋራዥ የመጀመሪያ ዋጋ በሩብ ያህል በልጧል። ከሦስተኛው ግን ብዙ ያንሳል፤ ፓራፋንጎው አሁንም የፋብሪካ ቀለሙን እንደያዘ ነው። የቀለሙ ዝርያና ቀመር፣ የተገፈፈው ላሜራ ፎቶና ደረሰኙ አንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጠዋል። ወደፊት የሚገዛት ሰው መለኪያ ይዞ መጥቶ የኋላው ጎን ላይ 350 ሲያነብ፣ ሥሩ ምን እንደሆነ እሷ ልታሳየው ትችላለች።